ጅማ ላይ ሥጋ የማይሸጥ ምግብ ቤት

ጅማ ላይ «ምግብ ቤት ልከፍት ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ካፒታሉን አይደለም። «የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» ነው የሚባለው። የባለቤቱን እምነት ለማወቅ አይምሰላችሁ፤ ሥጋውን ማን እንዳረደው ለማወቅ ነው። መልሱ በር ላይ ይጻፋል፣ ወይም ጨረቃ አለዚያም መስቀል ይሳልበታል። ከዚያ ወዲያ በደጅ ከሚያልፈው ሰው ብዙው እንደማይገባ እየታወቀ ነው ድስት የሚጣደው።

እኔ ለዓመታት ሆቴል ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ካሸር ተቀምጦ የሚያየውን አስተናጋጅም ባለቤትም አያየውም፦ ማን ገብቶ ሳይበላ እንደወጣ። ከአንድ ቢሮ አራት አምስት ሆነው ይመጣሉ፤ ሁለቱ «እናንተ ብሉ፣ እኛ ለስላሳ እንጠጣለን» ይላሉ። አጠገቡ ያለው ሳይጎርስ ደግሞ ማን ደስ ብሎት ይበላል? ትንሽ ይግደረደሩና ተያይዘው ይወጣሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እንደዚያው ናቸው። በአንድ ዶርም ከሐረርም ከጎጃምም ከወላይታም የመጡ ልጆች ያድራሉ፤ አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ኳስ ያያሉ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ይለያያሉ።

ስለዚህ የራሴን ስከፍት ሥጋ ጨርሶ ላለመሸጥ ወሰንኩ። ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በያይነት፣ ፓስታ፣ አቮካዶ ሰላጣ፣ ዓሣ። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ሐኪም ካላዘዘው በቀር ሥጋ የሌለው ቤት ማን ይገባል?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። ጥብስ የምግብ ቤት ትልቁ ገቢ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ ሥጋ ገዝቶ ያልተሸጠለት ሰው ማታ ፍሪጁን ከፍቶ ምን እንደሚሰማው ግን አይነግሯችሁም። ሽሮ አይበላሽም። ምስር አይሸትም። መብራት ጠፋ ተብሎ የሚጣል ነገር እኔ ቤት የለም፣ ከዓሣው በቀር።

ዓሣው የሚመጣው ከግልገል ጊቤ ግድብ ነው። ወጣቶች ጠዋት በሚኒባስ ያመጡታል፤ ኬሻው ሲፈታ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን መተንፈሻውን ገልበጥ አድርጌ አያለሁ። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ እወስዳለሁ፤ ቡናማ ካደረገ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ «ወንድሜ፣ ለዛሬ ይቅርብኝ» ነው። ዓሣ የማን እርድ ነው የሚባል ጥያቄ የለበትም፤ ሁሉም ይበላዋል። በጾም ዓሣ የማይነኩ ክርስቲያኖች ስላሉ ግን የዓሣው መጥበሻ፣ ዘይትና ማማሰያ ከጾሙ ወጥ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ይህን በቃል ብቻ ብንናገር ማንም አያምነንም ነበር። የዓሣውን መጥበሻ ከበሩ አጠገብ፣ ሰው በሚያየው ቦታ አደረግነው። ነገሩ ያለቀው በዚያ ነው።

ገንዘቡ ከእቁብና ከራሴ ቁጠባ መጣ፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የቤት ኪራዩ ግን ሊነገርለት ይገባል። ጎረቤቴ የነበረ ጁስ ቤት ወለሉን ሴራሚክ አንጥፎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ደንበኛ ሲለምድለት ነው አከራዩ «ልጄ ሊሠራበት ነው» ያለው። ስለዚህ እኔ ስከራይ «ጋሼ፣ ጭማሪውን ዛሬ እንነጋገርበት» አልኩ። ሽማግሌው ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ እኔን አታምኚኝም?» አሉኝ። «አምናለሁ፣ ግን ነገ የሚመጣውን አናውቅም» ብዬ የየዓመቱ ጭማሪ ስንት እንደሚሆን፣ ብለቅ ምን ነቅዬ እንደምወስድ፣ ሁሉም በውሉ ገባ፤ ውሉም ውልና ማስረጃ ሄዶ ጸደቀ። አሁን ከእሳቸው ጋር በየበዓሉ የምንጠያየቅ ሆነናል። ያለ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ወዳጅነቱም አይኖርም ነበር ባይ ነኝ።

ፈቃዱ ወረፋ እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ንግድ ምዝገባ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ የሠራተኞች የሰገራ ምርመራ፣ ከዚያ ፈቃድ። እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ በመስከረም ጨርሶ የሚገላገለው ሰው የታኅሣሥን ግፊያ አያይም። የቀን ሽያጭን በደብተር መያዝ ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ነው። በ2009 ክረምት ለግብር የወጣው የቀን ገቢ ግምት ስንቱን ነጋዴ ሱቅ እንዳዘጋ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ደብተር ያለው ሰው ቢያንስ የሚያሳየው ነገር አለው።

ወደ እንጀራው ልምጣ፤ ትርፍና ኪሳራ ያለው እዚያ ነውና።

ሰው ቤቱ ሞልቶ ሲያይ «ጎበዝ፣ ገንዘብ ታፍሺያለሽ» ይላል። ሞልቶ መክሰር እንዳለ የሚያውቀው ጤፍ ገዝቶ የሚያስጋግር ብቻ ነው። የሽሮ ዋጋ ሲተመን ሁሉም ሽሮውን፣ ዘይቱንና ሽንኩርቱን ይደምራል፤ እንጀራውን እንደ ሳህን ይቆጥረዋል። እኔ ቤት ከአንድ ሽሮ ወጪ ትልቁን ቦታ የሚይዘው እንጀራው ነው። ያውም አንድ አይነት እንጀራ የለም። ሁለት ጋጋሪዎች ነበሩኝ፤ ከአንድ ቡሃቃ ሊጥ አንዷ የምታወጣው እንጀራ ከሌላዋ ያነሰ ነበር። ሌብነት መስሎኝ አንድ ሌሊት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሌብነት አልነበረም፤ አንዷ ሊጡን የምታዞርበት ጣሳ አፉ ሰፊ ነው፣ ከዳር ወደ መሐል ስታዞር እጇ ይከብዳል፣ እንጀራውም ይወፍራል። ለሁለቱም አንድ አይነት ጣሳ ገዛሁና ከውስጡ በምስማር ጭሬ መስመር አወጣሁበት። «እስከዚህ ብቻ፣ እታለም» አልኳት። እሷም ሳቀች፤ በሳምንቱ ቀጭኑን እንጀራ እጇ ለመደው። ዓይኑም ከበፊቱ አማረ።

ጤፉን ከሩዝ ጋር ደባልቁ የሚሉኝ አሉ። ብዙ ቤት ይደባልቃል፤ አልወቅስም። እኔ ግን ሥጋ ሳልሸጥ እንጀራዬ ነገ የሚደርቅ ከሆነ ምን ይዤ ነው ደንበኛ የምጠራው? የሚተርፈው እንጀራ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፤ የሩዝ ቅልቅል ለፍርፍር እንኳ አይሆንም፣ ይሰባበራል። ጤፍ የምገዛው ከአሰንዳቦና ከሰኮሩ መስመር ሲመጣ፣ ከአዝመራ በኋላ ነው፤ ነሐሴ ላይ ጤፍ ፍለጋ የሚወጣ ሰው የነጋዴ መጫወቻ ነው።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነው። የጅማ ዝናብ ከከተማው ተወላጅ በቀር ማንንም ያስመርራል። ሊጡ በበጋ የሚቦካበት ጊዜ በሐምሌ አይበቃውም፤ አብሲቱን ሞቅ አድርጎ መጨመር፣ ቡሃቃውን ከምድጃው አጠገብ ማሳደር ያስፈልጋል። ማገዶ ይረጥባል። መብራቱም ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚደክም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ወደ 4 ኪሎዋት ስለሚጎትት፣ የምንጋግረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። መብራት ጭራሽ ከጠፋ በማገዶ የምትጋግር አንዲት ሴት አለች፤ ቸግሮኝ ባያውቅም በሳምንት ጥቂት እንጀራ ከእሷ እገዛለሁ። በቸገረኝ ቀን «አላውቅሽም» እንዳትለኝ ነው። ውኃው ላይ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሮቶውን ከምታስቡት አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ።

ደንበኞቼ ሦስት አይነት ናቸው። ከግቢው ካፌ የማይበሉ «ነን ካፌ» ተማሪዎች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከማናና ከሰቃ ለገበያ የሚመጡ። ለገበያተኛው ዋናው ነገር ፍጥነትና ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ የማይችል አስተናጋጅ ሐሙስ ቀን ከትርፉ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ሜኑውንም በሁለቱም ቋንቋ አደረግን። የቢሮው ሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይጎርፋል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። ከሰዓት በኋላ በርጫ የሚቀመጥ ሰው አይበላም፤ ከበርጫ በፊት ግን በደንብ ይበላል። ስለዚህ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ ሠራተኛ አርፎ የሚበላበት፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት አደረግነው። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ለመሳብ ቅናሽ የሚለጥፉ ቤቶች አይቻለሁ፤ የሚበላ ሆድ በሌለበት ቅናሽ ምን ያደርጋል?

ተማሪው የሚበላው በወር ኮንትራት ነው። ከፍሎ ይበላል ማለት ነው፤ ደስ የሚል ገንዘብ ነው፣ አደገኛም ነው። በወሩ መጀመሪያ ኪስ ይሞላል፤ ያ ገንዘብ ግን የእኔ አይደለም፣ ገና ያልተበላ ምሳ ነው። እሱን አንስቼ ወንበር ብገዛበት በ20ኛው ቀን ሽሮ የምጥደው በምን ነው? ለኮንትራቱ የተለየ ሂሳብ ከፈትኩና በየሳምንቱ የተበላውን ያህል ብቻ አወጣለሁ። ዱቤ ግን የለም። ማስታወቂያ አልለጠፍኩም፤ ማስታወቂያው ሰውን ያስከፋል። የቸገረው ተማሪ ሲመጣ «ዛሬ በእኔ ነው» እለዋለሁ። በነፃ ያበላሁት ልጅ ተመልሶ መጥቷል። ከሌላ ቤት በዱቤ የበላው ግን መንገድ ቀይሮ ነው የሚሄደው፣ ቤቱም ገንዘቡንም ልጁንም አጣ።

ዋጋ መጨመር ሁሌም ያስጨንቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዘይት የሚባል ነገር ቀን በቀን ተለወጠ። በዚያ ላይ ሽንኩርቱ ከመቂና ከዝዋይ በኩል ተጭኖ ስለሚመጣ ክረምት በገባ ቁጥር ይወደዳል። ሜኑ ላይ በእስክሪብቶ ሰርዞ መጻፍ ደንበኛን ያበሳጫል፤ ጭማሪውን በየቀኑ እንዲያየው ያደርጋል። ዋጋውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አወጣሁት፤ ሽንኩርት ሲረክስ ፓስታው ይቀንሳል፣ ሲወደድ ይጨምራል። ዋጋ ሲቀንስ ያየ ሰው ሲጨምር አይጣላም።

ስለ ሠራተኛ ብዙ ሰው የሚያማርረው ወጥ ሠሪ በበዓል ዋዜማ ትሄዳለች እያለ ነው። ትሄዳለች፣ ልክ ነው፤ እናት አላት፣ አገር አላት። ችግሩ ሙያው በእሷ እጅ ብቻ ሲሆን ነው። እኔ ቤት ሽሮ ጥሩ የሚሆነው ድስት ላይ ሳይሆን ወፍጮ ቤት ነው። አተሩና ሽምብራው ተቆልቶ፣ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱና በሶብላው በልክ ገብቶ የሚፈጨው እኔ ባለሁበት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢያማስለው ያው ሽሮ ነው። ቡናውን ግን አልነካውም። በረንዳው ላይ ጀበና የጣደችው ሴት በራሷ ነው የምትሠራው፤ ኪራይ አልጠይቃትም። የጅማ ሰው ቡና ያውቃል፤ ያረረ ቡና ከጠጣ ሽሮውንም ይጠራጠራል። የእሷ እጣን ሲጨስ የሚገባው ሰው ለእኔ ከኪራይ ይበልጣል።

ሥጋ አልሸጥም ያልኩት ነገር በሚገባ የተፈተነው በ2016 ነው። መጋቢት 2 ቀን ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። በዙሪያዬ ያሉ ቤቶች ቀለም መቀባት ጀመሩ፤ አንዳንዱ ጭራሽ ዘጋ። እኛ በያይነቱን ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ ለሚመጣው አዘጋጀን፤ ከመግሪብ በፊት ደግሞ ያንኑ ጠረጴዛ ወልውለን ተምር፣ የምስር ሳምቡሳና የገብስ ሾርባ ደረደርንበት። አንድ ጠረጴዛ ላይ የጾሙ ሽሮ ሳይነሳ ኢፍጣሩ የቀረበበት ቀን ነበር። ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ጠብቆ አብረው በሉ።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ ይህ መደራረብ አይዘልቅም። በ2019 ረመዳን የካቲት መባቻ አካባቢ ይገባና ሲወጣ ዐቢይ ጾም ይተካዋል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ለእኔ ያ ማለት አንድ ወር የማታ ሥራ፣ ከዚያ ሁለት ወር የቀን ሥራ፣ በአጠቃላይ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ጾም ነው። የሠራተኞቹን የዓመት ፈቃድ ከዚያ በፊት፣ ጥር ላይ ለማስወጣት ተነጋግረናል። አተሩንና ሽምብራውንም ታኅሣሥ ላይ እገዛለሁ፤ ማስቀመጫ ትሆነኝ ዘንድ የጁስ ቤቱ የነበረችውን ክፍል እንዲያከራዩኝ አከራዩን ጠይቄያቸዋለሁ። ጋሼ «ውሉን ይዘሽ ነይ» ብለውኛል።