የክላውድ ትምህርቴ፣ ስምንተኛ ወር፦ ባክአፑ ተመለሰ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ከተዘጋ በኋላ የማኅበራችንን ዳታቤዝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) መለስኩት። ሙሉውን። ከገንዘብ ያዧ ጋር ሆነን የጥቂት አባላትን ደብተር እያወጣን ሂሳቡን አመሳከርን፣ ሳንቲሙ ሳይቀር ገጠመ። ይህን ሳላካፍላችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለማታውቁኝ፦ ደሴ ውስጥ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው የምሠራው፣ ኮምፒውተር የነካው ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ቅርንጫፍ አለን። ኮሚቴው «ክላውድ እንግባ ወይስ ይቅርብን?» ብሎ፣ ማለትም ሲስተማችንን በኢንተርኔት በሚገኝ ሰርቨር ላይ እናሠራው ወይ ብሎ፣ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው መማር የጀመርኩት።

ንድፈ ሐሳቡን አላንዛዛውም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው አጭር ጽሑፍ አራት ዓይነት አሠራር ይለያል። ማንም ከፍሎ የሚጠቀምበት ፐብሊክ አለ። ለአንድ ድርጅት ብቻ የተዘጋጀ ፕራይቬት አለ። ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው ድርጅቶች የሚጋሩት ኮሚዩኒቲ አለ። ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ አስተሳስሮ የሚያሠራው ደግሞ ሃይብሪድ ነው። ቪዲዮ ከማየታችሁ በፊት እሱን አንብቡ። አብዛኛው የዩቲዩብ ትምህርት ከፐብሊኩ ሌላ ክላውድ የሌለ አስመስሎ ነው የሚያስተምረው፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም እኔም በዚያው ተመርቼ ሲስተማችንን እንዳለ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ጫንኩት።

ሁለት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ መስመር ጠፋ። «ሲስተም የለም» እያልን እስከ ምሳ ድረስ ሰው አቆምን። ከገጠር የመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ብሬ እዚህ አይደለም እንዴ ያለው?» አሉኝ። ብራቸው እዚሁ ካዝናችን ውስጥ ነበር። ሂሳባቸው ግን ባሕር ማዶ ነው ያለው። ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም። ክፍያውም በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ያየ ኮሚቴ በዶላር የሚመጣ ወርሃዊ ሂሳብ ቢፈራ አይፈረድበትም።

«እንግዲያው ሁሉም እዚሁ ቢሯችን ይሁን» ያሉም ነበሩ። ግን በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ከነመረጃው እንዳጣ እናውቃለን። ባክአፑን ኮምቦልቻ እናስቀምጥ የሚለውም አላሳመነኝም። የሐረጎን ቁልቁለት ከወረድን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለቱም ከተሞች የተያዙት ደግሞ በአንድ ሰሞን ነው።

ስለዚህ የዕለት ሥራው ቢሮ ባለ ሰርቨር ላይ፣ በፕሮክስሞክስ (አንዱን ማሽን እንደ ብዙ ሰርቨር የሚያሠራ ሶፍትዌር) እና በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ)፤ ባክአፑ ደግሞ በየሌሊቱ ተመስጥሮ ሩቅ ወዳለ ማከማቻ። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ኮፒ መላክ ብቻውን ሃይብሪድ አያሰኝም። ቢሮው ቢጠፋ ሥራውን እዚያ ማስነሳት ከቻላችሁ ነው ሃይብሪድ የሚባለው። እኛ ገና መንገድ ላይ ነን።

አሁን ወዳደከመኝ ነገር ልምጣ፣ ባክአፑ። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት እያየሁ ተረጋግቼ ነበር፣ አንድም ቀን መልሼ አልሞከርኩም። ስሞክረው ዳታቤዙ አልነሳ አለ። ለካ ፖስትግሬስ (ዳታቤዙን የሚያሠራው ፕሮግራም) እየሠራ ፋይሎቹን ዝም ብዬ እየገለበጥኩ ነበር፤ መሃል ላይ ስለሚለዋወጡ ቅጂው እርስ በርሱ አይስማማም። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ አንድ ነገር ቢደርስ ኖሮ አባላቱን ምን እላቸው ነበር?

ከዚያ በፒጂ ደምፕ፣ በፖስትግሬስ የራሱ የቅጂ ማውጫ መሣሪያ፣ አወጣሁት፣ እንዲያንስልኝ ብዬም በጂዚፕ ጨመቅኩት። 3 ጊጋባይት ሆነ። የእኛ መስመር ሲልክ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት ብዙም ስለማያልፍ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በመሃል መብራት ወይም ኔትወርክ ከሄደ ደግሞ ሌሊቱ ባከነ። የምልከው ሬስቲክ በሚባል የባክአፕ ፕሮግራም ነው። ሬስቲክ ፋይሉን በቁራጭ ይከፋፍልና ትናንት ያልነበረውን ቁራጭ ብቻ ነው የሚልከው። ታዲያ ለምን በየሌሊቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ይልካል? ሁለት ሳምንት ራሴን አዞረኝ። ጥፋተኛው ጂዚፑ ነው! አንድ ፋይል ከጨመቃችሁ በኋላ መጀመሪያው አካባቢ ትንሽ ነገር ብትቀየር ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይለወጣል፣ ስለዚህ ሬስቲክ ከትናንቱ ጋር የሚመሳሰል ቁራጭ አያገኝም። ጂዚፑን አነሳሁት። ፋይሉ ወደ 14 ጊጋባይት አበጠ፣ በሌሊት የሚላከው ግን 80 ሜጋባይት ያህል ብቻ ሆነ። አሥር ደቂቃ! ሬስቲክ ከ0.14 እትሙ ጀምሮ ከከፋፈለ በኋላ ራሱ ይጨምቃል፣ እናንተ አትቅደሙት።

ሬስቲክን የምወድበት ሌላው ምክንያት መረጃው ከማሽናችን ሳይወጣ መመስጠሩ ነው። የአባላት ስምና ዕዳ ነው የምንልከው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ ውጭ አገር ማከማቻ ከመምረጣችሁ በፊት አዋጁን ከሕግ ሰው ጋር ተመልከቱት። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ባክአፑን ማንም አይከፍተውም። የእኛ በታሸገ ፖስታ ሁለት ቦታ ተቀምጧል፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ።

ለእንደኛ ዓይነት ማኅበራት ኮሚዩኒቲ ክላውድ ይሻላል ባይ ነኝ። አምስት ስድስት ማኅበር ተዋጥቶ አንድ ጥሩ ሰርቨርና አንድ ጥሩ ባለሙያ ቢይዝ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚደክም። ለሁለት ሰብሳቢዎች ነግሬያቸዋለሁ፣ ሐሳቡን አልጠሉትም።

ያልተፈታልኝ የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ ነው። በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር) ከደሴው ሰርቨር ጋር ይሠራል፣ መስመር ሲቋረጥ እነሱም ይቆማሉ። እዚያም ሰርቨር ላስቀምጥ ብል፣ ግንኙነት በሌለበት ሰዓት አንድ አባል ሁለቱም ቦታ ብር ቢያወጣ እንዴት ይታረቃል? ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ። እስከዚያ ኮምቦልቻ መስመር በጠፋ ሰዓት ገቢ በወረቀት ደረሰኝ ትቀበላለች፣ ወጪ ግን ለደሴ ሳትደውል አትከፍልም።