ልሽጣት ወይስ ላሠራት?

መኪናዬ የቆመችው ረጅም ዳገት ጨርሼ ሜዳውን በያዝኩበት ሰዓት ነው። የሙቀት ጌጁ ከመሃል እየተነሣ ወደ ላይ ሲሄድ አይቼ ነበር፤ ዳገት ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ ሊያነቃኝ ይገባ የነበረው ምልክት ደግሞ የማሞቂያው ነፋስ ድንገት መቀዝቀዙ ነው። ማሞቂያው የሚሞቀው ከሞተሩ በሚመጣው ውሃ ስለሆነ፣ ሞተሩ እየጋለ ነፋሱ ከቀዘቀዘ ውሃው አልቋል ወይም መዞሩን አቁሟል ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ግን ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ሲወጣ ካየሁ በኋላ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻት ነበር። ኋላ ላይ ካወጣሁት ገንዘብ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የበላው ይህ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አልጠራጠርም።

በሚቀጥሉት ቀናት ምክር አልጎደለኝም። ታላቅ ወንድሜ «አሮጌ መኪና አንዴ ከጀመራት አይለቃትም፤ የሚገዛህ ሰው ሳለ ሸጠህ ተገላገል» አለኝ። መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ የዘይቱን መክደኛ ከፈተና ከሥሩ የተለጠፈውን ወተት መሳይ አረፋ በጣቱ ጠርጎ አሳየኝ። ሞተሩ እንዳለቀለት ነገረኝ፤ በዚያው አፉም እንዳለች የሚወስዳት ሰው እንደሚያውቅ ጨመረልኝ። ሐኪሙ የሬሳ ሣጥን ነጋዴ ሲሆን ምርመራውን ሌላ ቦታ መድገም ሳይሻል አይቀርም። ደግሞም ያ አረፋ ብቻውን የሞተሩ ውሃ ወደ ዘይቱ ለመግባቱ በቂ ማስረጃ አይደለም። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ መኪና ሞተሯ በቅጡ ስለማይሞቅ፣ ውስጡ የሚቀረው እርጥበት መክደኛው ላይ ተጠራቅሞ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ያንኑ የመሰለ አረፋ ይፈጥራል። በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ነበር።

ሁለተኛው መካኒክ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ውሃ ሞልተው ሞተሩን አስነሡና ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጠሙ። ፈሳሹ ከቃጠሎ የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ወደ ቢጫ የሚለወጥ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ቢጫ ሆነ፤ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥተው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለኩ። ዳርና ዳር ያሉት ሲሊንደሮች 12 ባር ሲያሳዩ መሃል ያሉት ሁለቱ ከ7 ባር አላለፉም። ጠብታ ዘይት አስገብተው ደግመው ሲለኩም ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ችግሩ የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ቀለበት፣ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርገው ነበር፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲወርዱ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ይህም በሞተሩ የላይኛው ክፍል (በቴስታታው) እና በታችኛው አካሉ መካከል ተነጥፎ ክፍተቱን የሚያሽገው ስስ ማሸጊያ ነው።

«ልጄ፣ የሞተው ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ሞተሩ አልሞተም» አሉኝ። «የቴስታታውን ነገር ግን ሳላወርደው አልምልልህም።»

«ተሰንጥቆ ቢገኝስ፣ ጋሼ?»

«እጄን ሰብስቤ እደውልልሃለሁ፤ ያን ጊዜ አንተ ትወስናለህ።»

ጥገናው ስንት እንደሚፈጅ ከነገሩኝ በኋላ እውነተኛው ሒሳብ ጀመረ። ብዙ ሰው የሚመራበት መለኪያ የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሽጥ የሚለው ነው። ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፤ እኔ ግን አላምንበትም፤ ምክንያቱም የቆመችው መኪና እንዳለች ስንት እንደምታወጣ ጨርሶ አይጠይቅም። መኪናዋ ደህና ሆና 100 የምታወጣ፣ ቆማ 35 የሚሰጥባት፣ ጥገናዋም 50 የሚፈጅ ቢሆን፣ ይህ መለኪያ ደፍ ላይ አቁሞ ያወዛግበኛል። ነገር ግን 50 አውጥቼ ዋጋዋን በ65 ከፍ ስለማደርግ፣ ልሸጣት እንኳ ብፈልግ አሠርቶ መሸጡ ይሻላል። ቆማም ቢሆን 70 የሚሰጥባት ብትሆን ግን በ40 መጠገኗ ኪሳራ ይሆናል፤ ወጪው ግማሽ አለመሙላቱ ምንም አያድነኝም።

ስለዚህ ከሦስት ገዢዎች ዋጋ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ላይ ሦስቱም የሰጡኝ ዋጋ ሙሉ ሞተር መቀየሪያውን የቀነሰ ነበር፤ ጥፋቱን የማያውቅ ገዢ ሁልጊዜ የከፋውን ገምቶ ነው የሚገዛ፤ አልፈርድበትም። የምርመራውን ውጤት ይዤ ስመለስ ሁለቱ ዋጋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ለምርመራው የከፈልኩት ገንዘብ ባልጠግናት እንኳ ራሱን የሚመልስ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ደግሞ ማሸጊያ ፈሳሽ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሬ፣ ሞተሩ ሳይግል አስነሥቼ አሳይቼ እንድሸጣት መከረኝ። ያ ፈሳሽ ቀዳዳውን ለጥቂት ጊዜ ቢደፍን እንኳ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን መተላለፊያዎች አብሮ ሊደፍናቸው ይችላል። የሚገዛት ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ያንኑ ዳገት ሊወጣባት እንደሚችል ሳስብም ነገሩን ከዚያ በላይ ልሰማው አልፈለግሁም።

ለራሴ በጣም የከበደኝ ቀደም ሲል ያወጣሁትን ገንዘብ ከሐሳቤ ማውጣት ነበር። ከስድስት ወር በፊት ፍሪሲዮንና አራት ጎማ ቀይሬላት ስለነበር፣ «ይህን ሁሉ አፍስሼባት እንዴት እሸጣታለሁ» የሚለው ነገር ሌሊት ሌሊት ይመላለስብኝ ነበር። ያ ገንዘብ ብሸጣትም ባሠራትም አይመለስም። ሆኖም ፍሪሲዮኑ አዲስ መሆኑ ለሚመጡት ዓመታት ያንን ወጪ ስለሚያስቀርልኝ፣ መቆጠር ያለበት ገና የሚሰጠኝ አገልግሎት እንጂ የከፈልኩበት ደረሰኝ አይደለም። ሁለቱን ለመለየት ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ቀሪውን አካሏን አስመረመርኩ። ሥሯ ገብተን ሻሲዋንና የእግሮቿን መያዣዎች በመዶሻ ጫፍ ስናንኳኳ ብረቱ ጠንካራ ድምፅ ሰጠ፤ ዝገት የበላው ቢሆን ኖሮ ድምፁ ይደነቁር፣ ቅርፊቱም ይረግፍ ነበር። ካምቢዮዋ ያለ ጩኸት ይገባል። ሻሲዋ ዝጎ ወይም ካምቢዮዋም እያቃሰተ ባገኛት፣ የሞተሩ ጥገና በግማሽ ዋጋ ቢቀርብልኝም እሸጣት ነበር። አንድ ትልቅ ብልሽት ይጠገናል፤ ሁለተኛው ወረፋ እየጠበቀ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን መጠገን ለገዢው ስጦታ መስጠት ነው።

ሽጬ ሌላ ልግዛ ብልስ? በመጀመሪያው ምሳሌ ቁጥሮች ቆማ የሚሰጠኝን 35 ከጥገናው 50 ጋር ብደምረው በእጄ 85 ይኖራል፤ ከዚያ ላይ የስም ማዛወሪያና የመጀመሪያ ሰርቪስ ይቀነሳል። በቀረው የምገዛት መኪና እንደ እኔዋ ያገለገለች ናት፤ ባለቤቷ ለምን እንደሚሸጣት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የእኔዋን ዘይት መቼ እንደቀየርኩ፣ የትኛው በር ሲዘንብ ውሃ እንደሚያስገባ፣ ፍሬኗ መቼ እንደታደሰ አውቃለሁ። የሚታወቅ ጉድለት ካላት መኪና ይልቅ ጉድለቷ ያልታወቀችው ታስፈራኛለች፤ መኪና ለመግዛት የሚጣደፍ ሰው ደግሞ በደንብ አይመረምርም፤ እኔም በዚያ ሳምንት የተጣደፍኩ ሰው ነበርኩ።

በመጨረሻ እንድትሠራ ወሰንኩ፤ ግን በወረቀት ላይ የወጪ ጣሪያ ጽፌ። ቴስታታው ሲወርድ ስንጥቅ ከተገኘ ወይም ወጪው ከጻፍኩት ቁጥር ካለፈ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ መኪናዋም እንደተፈታች ትሸጣለች። ለማውረጃው የሚከፈለው የእጅ ዋጋ በዚያ ሁኔታ እንደሚባክን አስቀድሜ ተቀብያለሁ።

ቴስታታው ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ባለው ቀጭን ቦታ ላይ ተቃጥሎ ጠቁሯል። መካኒኩ ቀጥ ያለ ብረት በቴስታታው ፊት ላይ አጋድመው ከሥሩ ስስ የመለኪያ ቅጠሎችን እየቀያየሩ ሲያስገቡ 0.12 ሚሊ ሜትር መጣመሙ ታወቀ። የሰው ፀጉር ውፍረት እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል፤ በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው ግን ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ፊቱ በማሽን መስተካከል ነበረበት። በግፊት ሲፈተሽ ስንጥቅ አልተገኘበትም። ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት ስለሆኑ ብሎኖቹ በአዲስ ተተኩ፤ የታይሚንግ ቺንጋውና የውሃ ፓምፑም ያለ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ አብረው ተቀየሩ፣ ለቴስታታው ሲባል አስቀድመው ተፈትተው ነበርና። የዚህ ሁሉ መነሻ ከራዲያተሩ ሥር የተሰነጠቀ አሮጌ የጎማ ቱቦ ሆኖ ተገኘ፤ ከተተኩት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

ጠቅላላ ወጪው ከጣሪያው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ አለቀ። ከዚያ ወዲህ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጃለሁ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የውሃ ማጠራቀሚያው ጎን ላይ ያሰመርኩትን መስመር ጠዋት ጠዋት እመለከታለሁ፣ እስካሁን አልወረደም። ወረቀቱን ከመሪው አጠገብ ባለው ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መሪው ሲዞር ትንሽ ድምፅ መስጠት ስለጀመረ ከታች አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ ከጎኑ ያለው የዋጋ ቦታ ገና ባዶ ነው።