የኢንተርኔቱን ላብራቶሪ በፍላሽ ይዤ ክፍል ገባሁ

አራት ኪሎ አካባቢ 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላብራቶሪ አለን፤ ዕቃው ግን ለሁሉም ተማሪ አይዳረስም። ስለዚህ ነጻ የማስተማሪያ ነገር ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመርኩ። ነጻው ነገር ሞልቷል፤ ብዛቱ ራሱ ግራ ያጋባል።

ፍለጋዬን ከድረ ገጾቹ አልጀመርኩም። የጀመርኩት ተማሪዎቼ በየዓመቱ ከሚደናገሩበት ቦታ ነው። ሁለት አምፖሎች በተርታ ሲገጠሙ፣ ብዙዎቹ «የመጀመሪያው ከረንቱን ይበላዋል፣ ለሁለተኛው ትርፍራፊው ነው የሚደርሰው» ብለው ያስባሉ። ሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳስረዳ እሺ ይሉኛል፤ ፈተና ላይ ግን ያው ናቸው።

ለዚህ የደረሰልኝ ፌት (PhET) ነው። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረተው የሲሙሌሽን፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች፣ ፕሮጀክት ነው። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት መሥሪያውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አወረድኩት። አንድ ፋይል ነው። በላፕቶፕ ብሮውዘር ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ዳታ አይጠይቅም። በፍላሽ ይዤው ክፍል ገባሁ።

በፕሮጀክተር ባለ 9 ቮልት ባትሪና ባለ 10 ኦም አምፖል አገናኘሁ። አሜትሩ (የከረንት መለኪያው) 0.9 አምፒር አነበበ። ሁለተኛውን አምፖል ከመጨመሬ በፊት ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ አስጻፍኳቸው። ከዚያ ጨመርኩት። ከመጀመሪያው አምፖል በፊት 0.45፣ በሁለቱ መሀል 0.45፣ ከሁለተኛውም በኋላ 0.45። ሁለቱም ደብዘዝ ብለው እኩል በሩ። ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ ታዲያ ባትሪው ነው የደከመው?» አለችኝ። ግሩም ጥያቄ ነው! ቮልቱን አብረን ለካነው፤ ያው 9 ነው። እጥፍ የሆነው የመንገዱ እንቅፋት ነው፤ 20 ኦም ሆኗል። የቀረው ክፍለ ጊዜ በዚሁ አለቀ፤ አልቆጨኝም።

ከዚህ የተማርኩት ትልቁ ነገር ግምቱን ቀድሞ ማስጻፍ ነው። ሳይገምቱ ካዩት ሲኒማ ይሆናል፤ ጽፈው ካዩት ግን ከራሳቸው ሐሳብ ጋር ይሟገታሉ።

ሌሎቹንም ሞክሬያለሁ። የካን አካዳሚ ቪዲዮዎች ለራሴ ዝግጅት ይጠቅሙኛል፤ ዳታ ስለሚበሉ ክፍል ውስጥ አልከፍታቸውም። የኮምፒውተር ክፍል ላለው ትምህርት ቤት ኮሊብሪ የሚባለው ሶፍትዌር ይሻላል፤ ትምህርቱ አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫንና ሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት ከእሱ ይወስዳሉ። ለሒሳብ ጂኦጂብራ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ታች ክፍል የምታስተምሩ ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክን እዩት፤ የአማርኛ ተረቶች አሉት፣ ፈቃዱም አትሞ ማባዛትን ይፈቅዳል።

መብራት ሲጠፋስ? የስክሪኑን ፎቶ፣ አሜትሩ የሚያነበውን ቁጥር አጥፍቼ፣ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ አኖራለሁ። ቁጥሩን ተማሪዎቹ ይሞሉታል። ፍላሹን ለዲፓርትመንታችን መምህራን አዙሬዋለሁ፤ አሁን የኬሚስትሪው መምህር የፌትን የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠኛ ይዞ እየገባ ነው።