ካቶሊኮቹ ጥለውት የሄዱት ግንብ የማን ነው?

ሰሞኑን ፋሲል ግቢ ውስጥ አንድ አስጎብኚ ለእንግዶቹ "ይሄን ግንብ ፖርቹጋሎች ናቸው የሰሩት" ሲል ሰማሁትና ደሜ ፈላ። እንዴ ወንድሜ፣ ፋሲል ይሄን ሲያሰራ እኮ እነሱን ከአገር አባሮ ጨርሷል! ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ሰባት ስምንት ቀንሱላቸው)፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት በፖርቹጋል የሚደገፉ የካቶሊክ ሚሲዮኖች ደግሞ የተባረሩት ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ። በ1648 ወደ ፋሲል የመጣው የየመኑ መልእክተኛ አል-ሐይሚም የቤተ መንግስቱ ግንበኛ ህንዳዊ ነው ብሎ ነው የጻፈው። እንፍራንዝ ያለው ጉዛራ ግንብ ደግሞ የፋሲል አባት ሱስንዮስ ከመንገሱ በፊት አፄ ሰርፀ ድንግል ያሰራው ነው የሚባለው። ስለዚህ ለፖርቹጋል ያልሰራችውን አትስጧት።

የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ካቶሊኮቹ የምር የሰሩት እያለ እሱን የሚያስጎበኝ አለመኖሩ ነው። ጎንደር ዙሪያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚሲዮኖች መኖሪያ፣ ግንብ አጥር ሁሉ ነበር፣ ፍርስራሹ ዛሬም አለ፣ ግን የማን እንደሆነ የሚናገር የለም።

ታሪኩን ለዘነጋችሁት ባጭሩ፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ በ1603 ገባ፣ ቋንቋውን ቻለ፣ ከመኳንንቱ ጋር ተግባባ፣ በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ተናገረ፣ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ፓኤዝ ዘዴ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ህዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱ እንደገና ይሾም፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ይባረክ፣ ቅዳሜ አይከበር፣ ልጅ አይገረዝ አለ። ይሄን ለኛ አገር ሰው በለውና ምን እንደሚመጣ እይ። በ1632 ወይና ደጋ በሚባለው ቦታ ይሄን ተቃውሞ ያመፀ በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ በንጉሱ ጦር ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ ራሱ አንገሸገሸው፣ "ፋሲል ይንገስ፣ ሃይማኖት ይመለስ" ተባለ። አያቴ ይሄን ስታወራልን ንጉሱ ምላሱ ተጎልጉሎ ወጣ የምትለውን አስገብታ ነበር፣ እሷ ጋ ያለዚያ ታሪኩ አይሟላም።

እና በነዚያ አስር ምናምን ዓመታት ሚሲዮኖቹ ከንጉሱ መሬት ተሰጥቷቸው፣ ግንበኛ አስመጥተው ሲሰሩ ከረሙ። አዘዞን ዛሬ የምናውቃት በኤርፖርቱና በካምፑ ነው፣ ግን ተክለ ሃይማኖት ጋ ሱስንዮስ ያቆመው ገነተ ኢየሱስ ነበር፣ አትክልቱና የውሃ ገንዳው ሳይቀር፣ ንጉሱም የተቀበረው እዚያው ነው። የማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ቆፍረውበታል። ካቶሊኮቹ ሲወጡ ቦታው ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተሰጠና የእጨጌው፣ ማለትም የመነኮሳቱ አለቃ፣ መቀመጫ ሆነ፣ በኋላ ነው እጨጌው ወደ ከተማ ገብቶ እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው። ስለዚህ አዘዞ ላይ ንብረቱ ባለቤት ቀየረ እንጂ ሜዳ ላይ አልቀረም። የሱስንዮስ መቀመጫ የነበረው ደንቀዝ ግን ሜዳ ላይ ቀርቷል። ሱስንዮስ በ1626 የካቲት ላይ ተንበርክኮ ለሮማው ጳጳስ እታዘዛለሁ ብሎ የማለው እዚያ ነው፣ ቤተ መንግስቱም ካቴድራሉም ፈርሰው እዚያው ተራራ ላይ አሉ፣ አስቦበት ካልሆነ በስተቀር የሚሄድ የለም።

ጎርጎራ ያለው የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ማርያም ግምብ ነው ልቤን የወሰደው። ጎርጎራ የሄደ ሰው ሁሉ ደብረ ሲና ማርያምን አይቶ፣ አሳውን በልቶ፣ አሁን ደግሞ ሪዞርቱ ጋ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ማርያም ግምብ በጀልባ ወደ ምዕራብ ነው፣ ወደ ሀይቁ የገባ ምላስ መሬት ላይ። መጀመሪያ የምታዩት ቁጥቋጦ ነው፣ ጠጋ ስትሉ ነው ግድግዳ መሆኑ የሚገባችሁ። አብዛኛው ጣሪያው ወርዷል። ከቀረው ላይ ግን ድንጋዩ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተከፋፍሎ በየመሃሉ አበባ ተቀርጾበታል፣ የአበባው ቅጠል ጠርዝ እስካሁን ጣት ላይ ይሰማል፣ እኔ አንዱን በአውራ ጣቴ ዙሪያውን ሄድኩበት። ከስሩ የተሰነጠቀው ቦታ የዛፍ ስር ገብቶ ድንጋዩን ወደ ውጭ እየገፋው ነው። ጥላው ውስጥ ከብት ተኝቶ ያመሰኳ ነበር።

ድንጋዮቹን የያዘውን ነጩን ነገር እዩት፣ ኖራ ነው። ድንጋዩን አቃጥሎ ኖራ አውጥቶ፣ በአሸዋ ለውሶ መገንባት እዚህ አካባቢ የተስፋፋው በሱስንዮስ ዘመን ነው፣ ሙያውንም ያመጡት ከህንድ የመጡ ግንበኞች ናቸው፣ ህንድ ያኔ የፖርቹጋሎች መናኸሪያ ስለነበረች መንገዱ በነሱ በኩል ነው። ሚሲዮኖቹ ሲባረሩ ሙያው አልተባረረም፣ ፋሲል ግንቡን ያቆመው በዚሁ ኖራ ነው። እና ያ አስጎብኚ ሩብ ያህሉን ልክ ነው በሉት፣ ሶስት እጁን ግን ቀላቅሏል።

አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሳወራለት "የመናፍቅ ግንብ ነው፣ ይፍረስ፣ ምን አገባህ" አለኝ። እኔ ማተቤን አልበጠስኩም፣ ጥምቀት ላይም ከታቦቱ ኋላ ነኝ፣ ግን ግንብ መጠበቅ ካቶሊክ መሆን አይደለም እኮ። ደግሞ ፋሲል ግቢ በ1979 ዩኔስኮ ሲመዘግበው ማርያም ግምብም አብሮ ነው የተመዘገበው፣ ማለትም ወረቀት ላይ ከፋሲል ግንብ እኩል ቅርስ ነው፣ መሬት ላይ ግን የከብት ጥላ። ጎጃም መርጡለ ማርያም ያለው ከዚያው ዘመን የቀረ ጥርብ ድንጋይ የተሻለ እጣ የገጠመው ደብሩ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ታቦት አለ፣ ቄስ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ ሰው ድንጋይ ይዞ ልውጣ ቢል ይጮሁበታል። ማርያም ግምብ ላይ ማን ይጮሃል? ኦርቶዶክሱ የኔ አይደለም ይላል። ካቶሊኮቹ ዛሬ እኛን በ2015 በተቋቋመው በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ስር ነው የያዙን፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው፣ የአስራ ሰባተኛውን ክፍለ ዘመን ይዞታ አንስቶ መሬት አስተዳደር የሚሰለፍ አይኖርም።

ሌላ ብዙ ጎንደሬ የማያውቀው ነገር አለ። አጋታንጅና ካሲያን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዊ ካፑቺኖች (የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው) በ1638 እዚሁ ጎንደር በገመድ ተሰቅለው ሞተዋል፣ በ1716 ደግሞ ሊቤራት ቫይስ የሚባል ሚሲዮናዊና ሁለት ጓደኞቹ በድንጋይ ተወግረው ሞተዋል። ሮም የመጀመሪያዎቹን በ1905፣ ሁለተኛዎቹን በ1988 ብፁዓን (ከቅድስና በፊት ያለው ማዕረግ ነው) ብላለች። ለነሱ ጎንደር የሰማዕታት ከተማ ናት ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ስንት ሰው ሞተ ከሚለው የወይና ደጋ ቁስል ጋር ስለሚያያዝ ዝም ይባላል፣ ዝም መባሉ ይገባኛል፣ ግን ለመሳለም ብሎ ከሩቅ የሚመጣ ካቶሊክ አስጎብኚውን ሲጠይቀው "አላውቅም" መባሉ ያሳፍራል።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ አዘዞ ላይ መጀመሪያ የደብሩን ሰዎች አስፈቅዱ፣ ዝም ብላችሁ ፍርስራሽ መሃል አትግቡ። ማርያም ግምብ ከክረምት በኋላ ይሻላል፣ ቁጥቋጦው ግን ያኔም አለ፣ ረጅም ሱሪ ልበሱ። ግድግዳው ላይ አትውጡ። ከባለ ጀልባው ጋር ደግሞ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም የመጠበቂያውንም ዋጋ ሳትነሱ ጨርሱ፣ እዚያ ማዶ ሆኖ መከራከር አያዋጣም።