የአክስቴ አርትዖት

«የት ወደቁ?» አለች አክስቴ።

ከቶሮንቶ ድሬዳዋ ድረስ ተሸክሜ ያመጣሁትን የመጽሐፍ ረቂቅ እያነበብኩላት ነበር። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው ራሷ ማንበብ አትችልም። የደረስኩት አባቴና እናቴ የተዋወቁበት ምዕራፍ ላይ ነው፤ «በመጀመሪያው እይታ ፍቅር ውስጥ ወደቁ» ይላል።

«ፍቅር ውስጥ» አልኳት።

«እኔ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ መስሎኝ ደነገጥኩ። ወደዳት በዪ።»

ወደዳት ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገሮች አስወጣችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በእንግሊዝኛ ስሠራ፣ በእንግሊዝኛ ሂሳብ ስከፍል፣ በእንግሊዝኛ ከልጆቼ ጋር ስጨቃጨቅ አማርኛዬ ሳላውቀው ተጣሟል። ረቂቁን ያነበቡት የቶሮንቶ ጓደኞቼ አንዳቸውም አልነገሩኝም። የእነሱም እንደዚያው ነዋ!

የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ሌሊት ሌሊት። መጻፍ የጀመርኩት ጠዋት ወደ ቤት በሚመልሰኝ አውቶቡስ ላይ ሲሆን፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ግጥም ብቻ ስለነበር በግጥም ጀመርኩ። ወደ አሥር ዓመት በሶማሊያ እስር ያሳለፉትን የከበደች ተክለአብን ግጥሞች ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ጊዜ የለኝም ማለት አሳፈረኝ። ቀጥሎ አጫጭር ልብ ወለዶች መጡ። የቤተሰቤን ታሪክ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ቀላሉ እሱ ስለመሰለኝ ነው። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ የተፈጸመው ተፈጽሟል፤ ምን የሚፈጠር ነገር አለ?

አባቴ የምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር። ለድሬዳዋ ልጅ ይህ ተራ ሥራ አይደለም፤ ከተማዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቀረ፤ በቀረበት ሜዳ ላይ የበቀለችው ከተማም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ከዚራ የሚባለው ሰፈር መንገዱ በመስመር ተሰምሮ፣ ዛፍ ተተክሎበት ተሠራ፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ እንደ ልቧ አደገች። እኛ የመጋላ ሰዎች ነን። አባቴ ግን የደንብ ልብሱን ለብሶ ወደ ማዶ ሲሻገር የከዚራ ሰው ይሆናል። ማታ ቤት ገብቶ እንኳ እስኪቀመጥ ድረስ በመካከላችን ሲያልፍ በፈረንሳይኛ «ፓርዶን» ይለን ነበር።

እናቱ ደግሞ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ነበረች።

ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አያቴ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ጅቡቲ ወርዳ ትመለሳለች። ስትሄድ ቀጭን ናት፤ ስትመለስ እርጉዝ። ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላም እርጉዝ ነበረች። ከወገቧ እስከ ደረቷ የናይለን ጨርቅ ትጠቀለላለች፣ በላዩ ሦስት ቀሚስ ትደርባለች፣ ሽቶውን ሩዝ ውስጥ ትቀብራለች፤ በዚያ ሙቀት! ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፤ በየጣቢያው ፊናንሶች፣ የጉምሩክ ጠባቂዎቹ፣ ለፍተሻ ይወጣሉ። ሴቶቹም ዕቃ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው እያሻገሩ፣ ጥቅልሉን እንደ ሕፃን አቅፈው እሹሩሩ እያሉ ያልፋሉ። በማግስቱ ያ ሕፃን ቀፊራ ገበያ ላይ በሜትር ይሸጣል።

የአያቴ አንድም ፎቶግራፍ የለንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የእኛን የፎቶግራፍ ሣጥንም ወሰደ። በሰው ሕይወት አጠገብ ሣጥን መቁጠር ነውር ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ አያቴ ያለችው በሰው አፍ ውስጥ ብቻ ነው። የሰው አፍ ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቀን እናትና ልጅ አንድ ባቡር ላይ ተገናኙ። አባቴ እንደነገረኝ ከሆነ ትኬቷን ተቀብሎ ቆረጠ፤ ለማንኛዋም ተሳፋሪ እንደሚለው «መልካም ጉዞ እናቴ» ብሎ አለፈ። ሲያወራው ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። ረቂቁ ውስጥ ሦስት ገጽ ሰጥቼዋለሁ፤ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ቦታ ነበር።

እዚያ ስደርስ አክስቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች።

«ውሸት ነው» አለች። «ሽንሌ ላይ አስወረዳት። ፊናንሱን የጠራው ራሱ ነው። ዕቃዋ ተወርሶ ከሽንሌ ድሬዳዋ ድረስ በእግሯ መጣች።»

ከዚያ በኋላ አያቴ ልጇን አራት ዓመት አላናገረችውም። እሱም ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ከረከቦቱ ሥር ብር አስቀምጦ ይወጣል። አያቴ ብሩን በእጇ አትነካውም፤ ወደ ሴት ልጇ ዞራ «አንሺው» ትላለች። አክስቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው በዚያ ብር ነው።

«አሁን ገባሽ? ይህን አትጽፊውም። የበላሁት ብር ነው።»

ተናደድኩ። ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ ወር የጽሑፍ ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ እዚያ በየቀኑ የሚነገረን «ታሪክሽ ያንቺ ነው፣ ፈቃድ አትጠይቂበት» የሚል ነው። እሱኑ ለአክስቴ አልኳት፤ የአባቴን ታሪክ የመጻፍ መብት አለኝ አልኳት። «የእኔም ወንድም ነው። አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው» አለችኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ያሠለጠኑኝ ሰዎች አክስት ያላቸው አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ሶማሌዋ አሮጊት ቡና ልትጠጣ መጣች። በወጣትነቷ ከአያቴ ጋር በዚያው ባቡር ትመላለስ ነበር። ክርክራችንን ዝም ብላ ሰምታ ስታበቃ ሳቀች።

«አስወረዳት? ማን? እሷ ራሷ ናት የወረደችው! ልጇን በዚያ ፉርጎ ስታየው፣ እኔን ከያዙኝ እሱን ከሥራ ያባርሩታል ብላ ዘላ ወረደች። ጨርቁን የተቀበልኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አራት ዓመት ሳታናግረው ቀረች?» አልኳት።

አሰበችበት። «እግሯን አሟት ነበር» አለች።

ሦስተኛው በጣም ስለሚያምር አላመንኩትም። የሚያምረውን ታሪክ መጠርጠር ከልብ ወለድ የተማርኩት ነገር ነው፤ እዚያ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። የአባቴን ስጠረጥረው ሳቁ ትዝ ይለኛል፤ ትንሽ የበዛ ሳቅ ነበር። የአክስቴን እንዳልጠረጥር ያደረገኝ የምትደብቀው መሆኑ ነው። ግን የሚደበቅ ነገር ሁሉ እውነት ነው ያለው ማን ነው? ሁሉም የሚስማሙበት መጨረሻው ብቻ ነው፦ ፊናንስ ያላስቆመውን የአያቴን ንግድ ያስቆመው የ1969ኙ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ነው። ድልድዮቹ ፈረሱ፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ እርግዝናውም አበቃ።

ቶሮንቶ ስመለስ ምዕራፉን ከመጽሐፉ አወጣሁት። ባዶውን ቦታ ለመሙላት ሞክሬ ስላልሆነልኝ «እዚህ ጋ አክስቴ ያስወጣችው ምዕራፍ ነበር» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተውኩበት። ሦስቱን ወሬዎች ግን ወደ አንድ አጭር ልብ ወለድ አስገባኋቸው። ባቡሩን አውቶቡስ፣ ትኬት ቆራጩን ረዳት፣ ናይለኑን ሲጋራ አደረግሁት። ከተማዋንም ቀየርኩ፣ ባሕር ዳር አጠገብ ወሰድኳት፤ አክስቴን ከመፍራት።

ባለፈው ታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ስመጣ አነበብኩላት። በዚህኛው አማርኛውን አላረመችም። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ይህ ልብ ወለድ ነው?»

«አዎ።»

«እውነቱ እኮ ይኼ ነው። ምን ብለሽ ነው ባሕር ዳር የወሰድሻት?»

ከሦስቱ የትኛውን እውነት እንዳለች አልነገረችኝም፤ ልብ ወለዱ ውስጥ ደግሞ ሦስቱም አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አባቴ ያረፈው በ2005 ዓ.ም. ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበርና ለቀብር አልመጣሁም። አንድ የአጎቴ ልጅ ስልኩን ከድንኳኑ ውስጥ ከፍ አድርጎ ያዘልኝ፤ ከጫጫታው መካከል የአክስቴን ድምፅ ለየሁ። ሙሾ እያወረደች ነው፦

የሰዉን ትኬት ሲቆርጥ የኖረው፣
የራሱን ሳይቆርጥ ማን አሳፈረው?

በደመወዝ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቴ አርባ ያህል ግጥም ጽፌያለሁ፤ ከሁለቱ ስንኞች አጠገብ የሚቆም አንድም የለኝም፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፣ አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ለግጥም መድበሌ መግቢያ ያደረግሁትም የእሷን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሙሾው የጉዞ መስሎኝ ኖርኩ፤ ሳይዘጋጅ የተሳፈረ ሰው። የሽንሌን ነገር ከሰማሁ በኋላ፣ በመመለሻዬ አውሮፕላን ላይ፣ «አሳፈረው» የምትለዋ ቃል ሌላ ትርጉም እንዳላት ድንገት በራልኝ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ያመመኝ መስሎት አስተናጋጇን ጠራልኝ።

በታኅሣሡ ጉዞዬ መጨረሻ ቀን፣ ቡናው ቶና ላይ እንዳለ ጠየቅኋት።

«አክስቴ፣ ያን ጊዜ በለቅሶው ላይ ማን አሳፈረው ያልሽው ምኑን ነው?»

ጣፋጩን ሙሸበክ ቆርሳ ሰጠችኝ። ጣቷን ላሰች። ቆይታ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ልክ እንደ አባቴ ትንሽ የበዛ ሳቅ።

«ባቡሩ ነዋ!» አለች። «ሌላ ምን አለ?»