ከባቲ እስከ አምባሰል ከቆርቆሮ ክራር ጋር

ክራሬ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራች ናት። አንዱን ፊቷን ቆርጬ የፍየል ቆዳ ወጠርኩበት፤ ክሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት ቀንበሯ የተሰበረ መጥረጊያ እጀታ ነው፤ ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ብርኩማዋን ከቀንድ ስባሪ ሞርጄ አወጣሁት። ስድስቱም ክሮቿ ናይለን ናቸው። ከገበቴ የተሠራ ደህና ክራር ቤት አለኝ፤ ለመንገድ ግን የምይዘው ይህቺን ነው። ክሩ ተመትቶ ዝም ካለ በኋላ ቆርቆሮው የራሱን ትንሽ ይጨምራል። እኔ ሙዚቃ ውስጥ የምፈልገው ያንን ጭማሪ ነው። የምቀዳው በስልኬ፣ ባለሁበት ቦታ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ስልኩን ካልሲ አለብሰዋለሁ።

ወሎ የወሰደኝ አንድ ነገር ነው። ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች፣ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል እየሰማሁ አደግሁ፣ ባቲን ስንት ዓመት ተጫወትኩ፤ ሁለቱንም አገሮች ግን በዓይኔ አላየኋቸውም ነበር። ይሄ ያሳፍረኝ ጀመር።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ረዳቱ ክራሬን ፖርቶመጋላ ላይ ልጫናት ቢለኝም እምቢ ብዬ እንደ ሕፃን አቅፌያት ደረስኩ። ደሴ በጉም ተቀበለችን። ሌሊቱን ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ስለረገበ ጠዋት ብነካት ድምፅዋ ታፍኖ ቀረ። ቡና ከሚፈላበት ከሰል ራቅ አድርጌ ያዝኳት፤ ቆዳው ሙቀቱ ሲሰማው ቀስ በቀስ ተወጠረ፣ ድምፅዋም ተመለሰ። የቆዳ መሣሪያ የያዘ ሰው የአየሩን ጠባይ ሳይጠይቅ አይቃኝም።

ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፤ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን ነበር። ግመል የሚነዱ አፋሮች፣ ኦሮሞዎች፣ ከደጋ የወረዱ አማሮች፤ አንዱ ጆሮዬ ውስጥ ሦስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይገባል። ስልኬን ከፍቼ ዝም ብዬ ቆምኩ። የገበያ ድምፅ ሲቀዳ ሰው ከመሃል መቆም የለበትም፤ ጠርዝ ላይ ከሆነ ሩቁና ቅርቡ ይለያያል። የግመሎቹ ጉርምርምታ ከታች፣ የዋጋ ክርክሩ ከላይ ሆኖ መጣልኝ።

አንዲት ቡና የምታፈላ እናት ዘንድ ተቀምጬ ከባቲ ቅኝት ዓይነቶች አንዱን፣ ባቲ ሜጀርን ጀመርኩ። አዳምጣ አዳምጣ፣

«ኧረ አብሽር ልጄ፤ ማን ያሯሩጥሃል?» አለችኝ።

«ፈጠንኩ እንዴ እትዬ?»

«እዛች ላይ ስትደርስ ትንሽ ቁጭ በል።»

የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ሦስት ጊዜ ደገምኩላት፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ እጇን ከፍ አደረገች። ትዝታ ሜጀር ላይ ግማሽ ቶን፣ ማለትም በጣም ትንሽ የድምፅ ርቀት፣ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤት ድምፆች የሉም። ባቲ ሜጀር ላይ ግን ከአምስቱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ተንሸራትቼ አልፍ ነበር፤ እሷ ግን ሁለተኛው ላይ እንድቀመጥ ነው የፈለገችው። ብቀመጥበት ሦስተኛው ድምፅ እንደ ሩቅ አገር ሆኖ ይጠበቃል። በአራተኛው ሙከራ አጨበጨበችልኝ፤ ወዲያው ወፍራሙ ክር ተበጠሰ።

መለዋወጫ አልያዝኩም ነበር። ደሴ ተመልሼ በማግሥቱ ወደ ሐይቅ ከተማ ስወጣ የጎደለኝን ያገኘሁት ሐይቁ ዳር ነው። መረቡን የሚጠግን አንድ ወጣት የዓሣ ማጥመጃ ክር ሁለት ክንድ ያህል ቆርጦ ሰጠኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። «እሺ፣ ምን ልጫወትልህ?» ብለው፣ መንዙማ አለኝ። የወሎ መንዙማ የድቤና የጭብጨባ ነው፤ ክራር ምን ይሠራለታል? ክሮቹን በመዳፌ አፈንኩና ቆርቆሮዋን ገልብጬ ጀርባዋን መታሁ። እሱ አዜመ፣ እኔ ቆርቆሮውን እንደ ድቤ ያዝኩለት። ከጉዞው ሁሉ አብልጬ የምወደው ቅጂ ይሄ ነው፤ እሱ ለሌላ ሰው እንዳላሰማው ስለጠየቀኝ ግን ከእኔ አይወጣም።

አዲሱ ክር ከበፊቱ ይወፍራል። ሳጠብቀው ይረግባል፣ ደግሜ ሳጠብቀው ደግሞ ይረግባል። እንዲህ እየታገልኩት አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ ደረስኩ። ስሟን ሁላችንም ከ1881ዱ ውል ጋር ነው የምናውቀው፤ እኔ ግን የመጣሁት ለአምባሰል ነበር። ተረተሩን ጥቂት ወጥቼ ገደሉን ፊት ለፊት አድርጌ ተቀመጥኩ።

አምባሰል ላይ ከመነሻው ድምፅ ግማሽ ቶን ብቻ ከፍ ብሎ ሌላ ድምፅ አለ። መነሻውን ለዓሣ ማጥመጃው ክር ሰጠሁት። ስመታው ቆርቆሮው አጉረመረመ፤ ትንሽ ቆይቶ ገደሉ መልሶ ላከልኝ። ሁለተኛውን ቶሎ ብመታ ከሚመለሰው መነሻ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ መጠበቅ ግድ ሆነብኝ። እትዬ እጇን ከፍ ያደረገችው ትዝ አለኝ። መታሁ፣ ጠበቅሁ፣ ገደሉ ሲጨርስ ቀጠልኩ። አንድ እረኛ ከማዶ ከብቶቹን ሲጣራ የእሱም ድምፅ እንደኔው ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ጥሪው በክራሩ መሃል ገባ።

ቅጂው 11 ደቂቃ ነው። ወፍራሙ ክር ሁለት ቦታ ላይ ሲረግብ ይሰማል፤ አልቆረጥኩትም። አሁን በሜሞሪ ካርድ እየገለበጥኩ፣ ከካርቶን በሠራሁት ማኅደር ውስጥ እየከተትኩ ነው፤ እያንዳንዱ ሽፋን ላይ ቆርቆሮዋን በከሰል እስላለሁ። የመጀመሪያው ለባቲዋ እትዬ ተቀምጧል፤ ሰኞ ይዤላት እወርዳለሁ።