በቲቪ መጀመሪያ የታየው ሰው ጉቦ ተከፍሎት ነበር

ጆን ሎጊ ቤርድ የሚባለው ስኮትላንዳዊ መጀመሪያ ቲቪውን የሰራው ከሻይ ሳጥን፣ ከባርኔጣ ካርቶንና ከሳይክል መብራት መስታወት ነው አሉ፣ ቆራሌው ሰውዬ በሉት 😄 በፈረንጆቹ ጥቅምት 2 ቀን 1925 ለንደን ሶሆ ውስጥ የአሻንጉሊት ጭንቅላት ምስሉ በደንብ ሲወጣለት ጊዜ በደስታ ወደ ታች ሮጦ ዊሊያም ቴይንተን የሚባል የቢሮ ተላላኪ ልጅ ጎትቶ አመጣና እቃው ፊት አስቀመጠው፣ ልጁ ግን የመብራቱ ሙቀት ሲያቃጥለው ሸሸ፣ በቃ ሳንቲም አስጨብጦ መለሰው! ምስሉ ደግሞ ከ30 መስመር ብቻ የተሰራ ነው፣ ፊት መሆኑ ከታወቀም ተመስገን ነው። በ1926 ጥር 26 ለሳይንቲስቶች አሳየ። እኔ ግን ሁሌ የማስበው ያንን ላብ በላብ የሆነውን ልጅ ነው።